የብረት ተራሮች

ጦርነት ሲወራ የሚወራው ስለ ተኳሹ ነው። ስለ ታንኩ፣ ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ አዝማቹ። ስንቅና ትጥቅ ጭኖ ከኋላ የሚከተለው ሰው ትዝ የሚለን አንድ ነገር የጎደለ ዕለት ብቻ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚያ ሰው ነው። ያውም ስለ ጀግንነቱ ሳይሆን አሰልቺ ስለሚመስል አንድ ጥያቄ፦ ያዘዝነው ዕቃ በስንት ቀን ይደርሳል? ይህች ጥያቄ በዓለም ሀብታም የሆነውን ጦር እንዴት እንዳስጨነቀችው ስታዩ፣ የራሳችሁን ጓዳና የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ማሰባችሁ አይቀርም። (ዓመቶቹ ሌላ ካላልኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 2 ቀን 1990 የሳዳም ሁሴን ጦር ኩዌትን ዋጠ። አሜሪካኖች ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወታደር ባሕረ ሰላጤው አካባቢ አሰፈሩ። ግማሽ ሚሊዮን ሰው ማለት አንድ ትልቅ ከተማ ነው፤ የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ የሚታመም፣ ጫማው የሚያልቅበት ከተማ። ምግቡ፣ ጥይቱ፣ ጎማው፣ ድንኳኑ፣ የታንክ መለዋወጫው ከሞላ ጎደል ሁሉም በመርከብና በአውሮፕላን ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ ነው። የዚህ ሁሉ ኃላፊ ጄኔራል ዊሊያም ፓጎኒስ ነበሩ። ጄኔራሉ ረጅም ሪፖርት የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ የበታቾቻቸው ችግራቸውንና ጥያቄያቸውን በትንሽ ካርድ ላይ በአጭሩ ጽፈው እንዲልኩላቸው ያደርጉ ነበር። ጦርነቱ ሳያበቃ ሦስተኛ ኮከብ ተጨመረላቸው፤ በ1992 ደግሞ ስለዚሁ ሥራቸው መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱ «ተራሮችን ማንቀሳቀስ» የሚል ነው።

ተራራ ያሉት ለማጋነን አይደለም። ወደ ጦር ሜዳው የተላኩት ኮንቴይነሮች ከ40,000 በላይ ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ 25,000 የሚሆኑት ወደብ ሲደርሱ ምን እንደያዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ ከፍቶ ማየት። የሙያው ሰዎች ይህንን ክምር «የብረት ተራራ» ይሉታል። ከፊትህ የሚያስፈልግህ ዕቃ ይኖራል፣ አንተ ግን የለኝም ብለህ እንደገና ታዛለህ። የምድሩ ውጊያ 100 ሰዓት ብቻ ፈጅቶ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1991 ሲቆም፣ ከተራራው ብዙው ሳይነካ እንደገና ተጭኖ ወደ መጣበት መመለስ ነበረበት።

ይህ ሁሉ ከስንፍና የመጣ እንዳይመስላችሁ። እስቲ አንድ ሃምሳ አለቃ አስቡ። ታንኩ ቆሟል። የእኛ የንብረት ክፍል ሰው ሞዴል 20 የሚለውን ዓይነት የዕቃ መጠየቂያ ሞልቶ ልኳል። ሳምንት ጠበቀ፤ ወሬ የለም። ዕቃው መጋዘን ይሁን፣ ባሕር ላይ ይሁን፣ ወረቀቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ይሁን የሚነግረው የለም። ምን ያደርጋል? እንደገና ያዛል። አሁንም ዝም ሲሉት ለሦስተኛ ጊዜ ያዛል። አንድ የሚበቃው ሰውዬ ለክፉ ቀን ብሎ ሦስት ይጠይቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።

ሃምሳ አለቃው ልክ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሺህ ሃምሳ አለቆች በአንድ ጊዜ ልክ ሲሆኑ ነው። ትዕዛዙ ሲበዛ መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲዘጋ ዕቃው ይብስ ይዘገያል፤ ዕቃው ሲዘገይ ጥርጣሬው ይጨምራል፤ ጥርጣሬው ሲጨምር ትዕዛዙ ይበዛል። «አስቸኳይ» የሚለውም ምልክት ዕጣው ይኸው ሆነ። ሁሉም ሰው አስቸኳይ እያለ ሲጽፍ አስቸኳይ የሚባል ነገር ጠፋ፤ የአየር ማረፊያዎቹ መጋዘኖች በአስቸኳይ ዕቃ ተጨናነቁ። ያንን ተራራ የቆለለው አለመተማመን ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በዚያው ጦርነት መሀል አንድ ደህና ነገር ታይቷል። ከኦክቶበር 30 ቀን 1990 ጀምሮ አንድ የጭነት አውሮፕላን በየቀኑ ከደቡብ ካሮላይና፣ ከቻርልስተን ተነሥቶ ወደ ሳዑዲ ይበር ጀመር። የሚጭነው ካልደረሰ ሥራ የሚያስቆመውን ዕቃ ብቻ ነው። ቀድሞ ሁለት ሳምንት ይፈጅ የነበረው እንዲህ ያለ ዕቃ በሦስት ቀን ገደማ መድረስ ቻለ። አውሮፕላኑ ከሌሎቹ የተለየ ፍጥነት አልነበረውም። የነበረው ቀጠሮ ነው። ዛሬ ያልደረሰ ለነገው ይደርሳል፤ ነገም እንደሚነሣ ሁሉም ያውቃል።

ለነገሩ ችግሩ የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም፤ የቆየም ነው። በ1854 የእንግሊዝ ጦር ክሪሚያ ዘምቶ ክረምት ሲይዘው፣ ባላክላቫ ወደብ ላይ ዕቃ ተከምሮ፣ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሰፈረው ወታደር በብርድና በበሽታ ያልቅ ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ የጭነት ከብቱ አልቋል። ለወታደሩ የታደለው ቡና እንኳን ጥሬ ቡና ነበር። መቁያ የለው፣ መውቀጫ የለው፣ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥሬ ቡና ታቅፎ ያያል። ቡና ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ለኛ ሰው ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም። በወረቀት ላይ ግን «ቡና ታድሏል» ተብሎ ተመዝግቧል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከዚህ ጦርነት ተመልሳ የሟቾቹን ቁጥር በሥዕል ስታሳይ፣ ወታደሩን በብዛት የገደለው ጥይት ሳይሆን በሽታ መሆኑ ፍጥጥ ብሎ ወጣ።

እንግሊዞች ከዚህ ተምረው ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ፣ ዙላ ባሕር ዳርቻ ላይ ወደብ ሠሩ፣ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፣ የባሕሩን ውኃ በመርከብ ላይ እያጣሩ አጠጡ። 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን አዝምተው፣ ከፊሉ ጦራቸው መቅደላ ደረሰ። የዘመቻው ወጪ ግን ከታሰበው እጥፍ በላይ ሆነ። አንዱ ምክንያት ምን መሰላችሁ? በ1867 መጨረሻ በቅሎዎቹ ከየአገሩ ተገዝተው ዙላ ሲራገፉ የሚጠጡት ውኃም ሆነ በወጉ የሚይዛቸው ሰው በበቂ አልተዘጋጀም ነበር። በቅሎዎቹ በጥምና በበሽታ አለቁ። በቅሎ ደርሷል፤ ውኃ ግን አልደረሰም። ሁለቱ በአንድ ቀን ካልተገናኙ ደግሞ የበቅሎው ቶሎ መድረስ ጥቅም ሳይሆን ኪሳራ ነው። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንዴት እንደወደቀች እናውቃለን። የዙላን በቅሎዎች የሚያነሣ ግን ብዙ የለም።

ወደ አሜሪካኖቹ እንመለስ። የምድር ጦሩ ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1995፣ ሳንታ ሞኒካ ካሊፎርኒያ ካለው ራንድ ከሚባለው የጥናት ተቋም ጋር ሆኖ አንድ ፕሮግራም ጀመረ። «የፍጥነት አስተዳደር» ልንለው እንችላለን። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዕቃ በመከመር ፋንታ ዕቃው በፍጥነትና በእርግጠኝነት እንዲደርስ ማድረግ። አሠራሩም በሦስት ቃል የሚያልቅ ነበር፦ ግለጽ፣ ለካ፣ አሻሽል።

መግለጽ ሲባል ስብሰባ ተቀምጦ ሥዕል መሳል ብቻ አልነበረም። ከጠያቂው ክፍል፣ ከመጋዘኑ፣ ከማጓጓዣው፣ ከሒሳቡ የተውጣጡ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ወረቀቱ የሚሄድበትን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእግራቸው ተከተሉት። በየጣቢያው ያለው ሠራተኛ ምን እንደሚሠራ ራሱ ያስረዳል። ብዙዎቹ ከሚቀጥለው ጠረጴዛ በኋላ ምን እንደሚሆን አይተው አያውቁም ነበር። ሁሉም የራሱን ቁራጭ ሥራ በደንብ ይሠራል፤ ሙሉውን መንገድ የኔ ነው የሚል ግን የለም። ይህ አንባቢዬ ዘንድ አዲስ ነገር እንደማይሆን እገምታለሁ።

ቀጥሎ መለካት መጣ። እያንዳንዱ መጠየቂያ መቼ እንደተጻፈ፣ መጋዘን መቼ እንደደረሰ፣ ዕቃው መቼ እንደወጣና መቼ ርክክብ እንደተደረገ በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ተቀምጧል። ለካስ ቁጥሩ ድሮም ነበር፤ የጎደለው የሚጠይቀው ሰው ነው። አጥኚዎቹ ይህንን መዝገብ ሲመረምሩ ትልቁን ጠላት አገኙት። ጠላቱ «አማካይ» ይባላል።

እንዲህ እንይ፤ የምሰጠው ምሳሌ የኔው ነው። አንድ ክፍል 10 መለዋወጫ አዘዘ እንበል። ዘጠኙ በ6፣ በ6 ቀን ደረሱ፤ አንዱ ግን 66 ቀን ፈጀ። አማካዩ 12 ቀን ነው። አለቃው ሪፖርቱ ላይ «ዕቃ በአማካይ በ12 ቀን ይደርሳል» ብሎ ይጽፋል። ውሸት አልተናገረም። ግን 12 ቀን የጠበቀ አንድም ዕቃ የለም። ታንኩ ደግሞ የሚነሣው 10ሩም መለዋወጫዎች ሲሟሉ ነው። ስለዚህ ታንኩ የቆመው 66 ቀን ነው። ታንኩ አማካይ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የመጨረሻውን ዕቃ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። እያንዳንዱ መለዋወጫ በተባለው ቀን የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 95 ነው እንበል። ከመቶ 95 በኛ አገር በማዕረግ የሚያስመርቅ ውጤት ነው። ነገር ግን 10ሩም በየራሳቸው መንገድ የሚመጡ ከሆነ፣ 10ሩም በቀናቸው የመገኘት ዕድል ወደ 60 ከመቶ ይወርዳል። ከ10 ታንክ አራቱ ቆመው ይቀራሉ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ተሸላሚ ነው፤ ጦሩ ግን አይነቃነቅም።

ስለዚህ አጥኚዎቹ በአማካይ ፋንታ ሦስት ቁጥር እንዲታይ አደረጉ። ትዕዛዞቹን ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው አሰልፏቸው፤ ግማሾቹ በስንት ቀን ደረሱ? ከመቶ 75ቱስ? ከመቶ 95ቱስ? የመጀመሪያው ቁጥር የተለመደውን ያሳያል። የመጨረሻው ግን ጅራቱን ያሳያል፤ የተረሳው፣ የጠፋው፣ የተንጓተተው ያለው እዚያ ነው። ሃምሳ አለቃው የሚፈራው ደግሞ ጅራቱን ነው። ዕቃ ሁልጊዜ በ20 ቀን እንደሚደርስ ቢያውቅ የ20 ቀን ዕቃ ያስቀምጣል። አንዴ በ5 ቀን፣ አንዴ በ60 ቀን የሚመጣ ከሆነ ግን የ60 ቀን ያከማቻል። የሚያስከምረው መዘግየቱ ብቻ ሳይሆን አለመታወቁ ነው። አንዳንዴ ቀርፋፋ ግን ቃሉን የሚጠብቅ ሰው፣ ፈጣን ግን ከማይታመነው ይሻላል።

ሲለካ የወጣው ነገር አስገራሚ ነበር። ቀኑን የሚበላው መንገዱ ብቻ ሆኖ አልተገኘም። መጠየቂያዎች እስኪከማቹ ተብሎ በአንድ ላይ ይላካሉ። ማረጋገጫ ላይ ማረጋገጫ ይደረደራል። ዕቃው ጦር ሰፈሩ ደርሶ እንኳን እስኪመዘገብ ይቀመጣል። መፍትሔዎቹም ታምር አልነበሩም። ከትልልቆቹ መጋዘኖች ወደ ጦር ሰፈሮቹ በተወሰነ ቀንና ሰዓት የሚመላለስ የጭነት መኪና ተመደበ፤ ያው የቻርልስተኑ አውሮፕላን ብልሃት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚታዘዘው ዕቃ ወደ ተጠቃሚው ቀርቦ እንዲቀመጥ ተደረገ። ውጤቱ በየወሩ በግልጽ ተለጠፈ፤ የትኛው ጦር ሰፈር ወደ ኋላ እንደቀረ ሁሉም ያያል። ጥቂት ዓመታት ሳይሞላ አሜሪካ ውስጥ ያሉት የምድር ጦር ክፍሎች ዕቃ የሚጠብቁበት ጊዜ ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

ወጌን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ታሪክ ግን እዚህ አላቆመም።

ማርች 20 ቀን 2003 አሜሪካ ኢራቅ ገባች። ጦሩ ከኩዌት ተነሥቶ በሦስት ሳምንት ባግዳድ ደረሰ። በዚያ ግስጋሴ ወቅት ግንባር ቀደም ለነበሩት ክፍሎች መለዋወጫ የደረሳቸው እምብዛም ነው። ከቆመው ተሽከርካሪ እየነቀሉ ለሚሄደው ይገጥሙ ነበር። የራዲዮ ባትሪ ሊያልቅ ተቃረበ፤ የጎማና የታንክ ሰንሰለት እጥረት ነበር። ዲሴምበር 2003 የኮንግረሱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት፣ ተልኳል በተባለውና ደርሶኛል በተባለው ዕቃ መካከል የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ልዩነት አገኘ። የብረት ተራራው በ12 ዓመቱ ተመልሶ መጣ።

ምን ሆነ? ከምክንያቶቹ አንዱን ብቻ ላንሣ፤ የሚያስተምረው እሱ ስለሆነ። አሜሪካ ያሉት መጋዘኖች ዕቃ ሳያሳድሩ ማውጣት ለምደዋል፤ የሚመዘኑት በዚያ ነው። ስለዚህ የአየር ጭነቱን ፓሌት በተገኘው ዕቃ ቶሎ ሞልተው ይልኩታል። አንዱ ፓሌት ላይ የብዙ ክፍሎች ዕቃ ተደባልቋል። መጋዘኑ ጎበዝ ነው፤ ቁጥሩ ያማረ ነው። ኩዌት ሲደርስ ግን ፓሌቱ ይፈረሳል፤ የእገሌ፣ የእገሌ እየተባለ በሙቀት ውስጥ ይለያል፤ እንደገና ይታሰራል። እዚያ የሚባክነው ጊዜ መጋዘኑ ካተረፈው እጅግ ይበልጣል፤ ዕቃም ይጠፋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

በ2004 የተወሰደው እርምጃ ለመስማት የሚገርም ነው። አንድ ፓሌት ለአንድ ተቀባይ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ፓሌቱ እስኪሞላ መጋዘኑ ጥቂት ቀን ይጠብቃል፤ የመጋዘኑ ቁጥር ይበላሻል። ዕቃው ግን ኩዌት ላይ ሳይፈታ በቀጥታ ባለቤቱ ዘንድ ይሄዳል። መጀመሪያውን በማዘግየት መጨረሻው ፈጠነ። ይህንን ለመወሰን አንድ ሰው «የኔ ክፍል ሪፖርት ቢበላሽም ግድ የለም» ማለት ነበረበት። ከሒሳቡ ሁሉ ከባዱ እሱ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ የሚመስለው ካለ አንድ ቀን ላስታውሰው። ማርች 23 ቀን 2003 አንድ የጥገና ሻምበል መንገድ ስቶ ናስሪያ ከተማ ገባና አደጋ ላይ ወደቀ። 11 ወታደሮች ሞቱ። ተዋጊ ክፍል አልነበሩም፤ ከኋላ የሚከተሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በኢራቅ መንገዶች ላይ ሹፌር መሆን ግንባር ከመሆን የሚለይ አልሆነም። ሦስቴ የታዘዘ ዕቃ ሦስቴ ይጫናል፤ ሦስቴ የተጫነ ዕቃ ሹፌሩን ሦስቴ ያንን መንገድ ያስኬደዋል። ጦርነቱ ራሱ መጀመር ነበረበት ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከዚህኛው የሚበልጥም ጥያቄ ነው። መዝገቡ ስለዚያ የሚለው የለም። ዕቃን ማፍጠን ዓላማን ትክክል አያደርግም።

ታዲያ ይህ ለኛ ምናችን ነው? እኔ ይህንን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ጓዳችን ነው። ስኳር ይጠፋል ሲባል እናቶቻችን አምስት ኪሎ የሚበቃቸውን ሃያ ኪሎ የሚያስቀምጡት ስግብግብ ሆነው አይደለም፤ የሚቀጥለው ወር ስለማይታመን ነው። ሃምሳ አለቃዋ እናታችን ናት። እሷን «አታከማቺ» ብሎ ከመገሠጽ፣ በሚቀጥለው ወር ቃልን ጠብቆ መገኘት ይቀላል።

ሁለተኛው ትዝ የሚለኝ ሪፖርታችን ነው። ስብሰባ ላይ «ማዳበሪያው በአማካይ በወቅቱ ደርሷል» ሲባል እናጨበጭባለን። ዝናቡ ግን አማካይ አያውቅም፤ እንደዚያ ታንክ ነው። ዘር ከተዘራ በኋላ ማዳበሪያው የደረሰው ገበሬ አማካዩ ውስጥ ተቆጥሮ ተረስቷል፤ ማሳው ግን አይረሳም። እንግዲህ ወደፊት አንድ ኃላፊ ተነሥቶ «በአማካይ ይህን ያህል ቀን ይፈጃል» ሲላችሁ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ አንዲት ጥያቄ ጠይቁልኝ። መጨረሻ ላይ የቆመው ሰውዬ ስንት ቀን ጠበቀ?